አገሩን ውሰድ፣ ልባችንን ተው

ዕቃቃ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንግዲያው «እናት» የምትሆነዋን ልጅ አትረሷትም። ብዙ ጊዜ በዕድሜ ከፍ የምትል፣ ወይም ቆርኪውና የተሰበረው ስኒ የእሷ የሆነ ልጅ ናት። «አንተ አባት ነህ፣ ሥራ ሂድ» ትላለች። «አንቺ ጎረቤት ነሽ፣ ቡና ጠጪ ተብለሽ ነይ» ትላለች። የእኛ የትንንሾቹ ዕጣ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እናንተ ልጆች ናችሁ። መሽቷል፣ ተኙ።» እንተኛለን። የጭቃው ወጥ ሲሠራ፣ ሠርጉ ሲደገስ፣ እንግዳው ሲገባ ሲወጣ ዓይናችንን ጨፍነን በጆሯችን ብቻ እንሰማለን። ቀና ስንል «ገና አልነጋም!» እንባላለን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ የመረረው ብድግ ብሎ ድስቱን በእርግጫ ይለዋል። ያኔ ሁሉም «ዕቃቃ አፍራሽ!» ብሎ ይጮህበታል። ለምን እንዳፈረሰ የሚጠይቀው ግን የለም።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብን እዚሁ ሐዋሳ፣ ትልልቅ ሰዎች ከሆንን በኋላ፣ በአንድ ጁስ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር ነው። ዕቃቃው እንደገና ፈረሰ። በዚህኛው ጊዜ ግን «ለምን ፈረሰ?» ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። የሚና ጨዋታ ይባላል። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ሌሎቻችን አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን። አጫዋቹ «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ «አንኳኳለሁ» ይላል፣ ሌላዋ «በመስኮት እገባለሁ» ትላለች። ውጤቱ የማይታወቅ ነገር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ከሁሉም ስመ ጥሩው «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባለው ሲሆን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ነው። የሕጉ መሠረታዊ ክፍል በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ስለተለቀቀ እኛም በስልካችን አውርደን ጀመርን። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ሐዋሳ ውስጥ ፈልገን ስላጣን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች በቡና ስኒ ውስጥ ጨመርን። ታጥፈው ይወጣሉ፣ ተነበው ይመለሳሉ። ይሠራል!

ቅዳሜ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ፒያሳ አካባቢ እንሰበሰባለን። አጫዋቻችን ሐይቁን ከሐዋሳ፣ ተራራውን ከታቦር የወሰደ ዓለም ፈጥሮልናል። አሳ አጥማጆች፣ አገረ ገዢ፣ ሌሊት ሌሊት ከሐይቁ የሚወጣ ስሙ የማይጠራ ነገር ሁሉ አለው። ቆንጆ ዓለም ነው፤ አንዋሽም።

አንዲት ጓደኛችን የአሳ አጥማጅ ልጅ ሆና ትጫወት ነበር። የአባቷን ጀልባ ያቃጠለውን ሰው ፍለጋ ከቤቷ የወጣች ልጅ ናት። ለ11 ቅዳሜዎች ያንን ሰው ፈለገች። በደብተሯ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደዋሸ ትመዘግብ ነበር። በ11ኛው ቅዳሜ አገኘችው፤ የአገረ ገዢው ልጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቢላዋ በእጇ ነው። እኛ ጁሳችንን ረስተን አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን። አጫዋቻችን እንዲህ አለ፦

«ስታዪው ግን ልብሽ ይከዳሻል። ትወጂዋለሽ። ቢላዋውን ትጥዪዋለሽ።»

«አልጥለውም» አለች።

«ታሪኩ እንደዚያ ነው» አላት።

ወረቀት አልወጣም። ስኒው አልተነካም። ጓደኛችን ደብተሯን ዘጋች፣ የአቮካዶ ጁሷን ሒሳብ ከፈለች፣ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ወንበሯ ባዶ ነው። እኛስ? ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው፤ ዝም አልን። አንዳችንም «ኧረ ተው» አላልንም። ጨዋታው እንዳይበላሽ ብለን ነው ዝም ያልነው። ጨዋታው ግን ያኔውኑ ተበላሽቶ ነበር።

«አጫዋች ንጉሥ ነው»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። የመጀመሪያው ወገን አጫዋቹን ደግፎ ቆመ። «ዓለሙን የፈጠረው እሱ ነው። እናንተ ቅዳሜ መጥታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ይከርማል። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው» ይላሉ። በእንግሊዝኛው «ጌም ማስተር» የሚባል መሆኑንም እንደ ማስረጃ ይጠቅሱልናል። ማስተር! ጌታ!

አማርኛችን የተሻለ ቃል አለው እኮ። አጫዋች ማለት የሚያጫውት ነው። ሌላው እንዲጫወት የሚያደርግ ማለት ነው። ተጫዋቹ የማይጫወት ከሆነ አጫዋቹ አጫዋች አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው። ብቻውን ማውራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ልብ ወለድ ይጻፍ። እኛም ገዝተን እናነብለታለን። አራት ሰው ለሦስት ሰዓት አስቀምጦ የእሱን ልብ ወለድ በቃል ማስደመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የጨዋታውን ታሪክ ብናይም «ንጉሥ ነው» ለሚሉት የሚመች አይደለም። ሥሩ ወታደራዊ ነው። በፕሩሲያ ጦር ውስጥ ራይስቪትዝ የተባለ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾቹ መኮንኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፣ ዳኛው በዳይስና በሰንጠረዥ ውጤቱን ይነግራቸዋል። ሕጉ በዝቶ ስላሰለቻቸው በ1876 ቨርዲ ዱ ቨርኑዋ የተባለ ሌላ መኮንን «ሰንጠረዡን ተዉት፣ የዳኛው ልምድ ይፍረድ» የሚል አካሄድ አመጣ። የአጫዋች ሥልጣን የዚያ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል። ግን ልብ በሉ፦ ያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ዳኛ እንኳ መድፉ ስንት ሰው እንደመታ ይፈርዳል እንጂ የመኮንኑን ትእዛዝ በመኮንኑ ፈንታ አይጽፍም። ቢጽፍማ መኮንኑ ምን ተማረ?

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት «ብራውንስታይን» በምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ላይ የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። ለጓደኞቹ ጦር ብቻ ሳይሆን ሚናም ሰጣቸው፤ አንዱን ከንቲባ፣ ሌላውን የዩኒቨርሲቲ አለቃ አደረጋቸው። እሱ ጦርነቱ እስኪጀመር ሲጠብቅ ተጫዋቾቹ በየጥጉ መሞዳሞድና መማማል ያዙ። ሁለቱማ ጭራሽ ተጣልተው ፍልሚያ እንገጥማለን አሉት። ለፍልሚያ የሚሆን ሕግ አልነበረውም፤ እዚያው ፈጥሮ ዳይስ አስጣላቸው። ያዘጋጀው ጦርነት ሳይጀመር ቀረና ዌስሊ «ጨዋታዬ ከሸፈ» ብሎ አዘነ። ተጫዋቾቹ ግን «ድገምልን!» አሉት። ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከጋይጋክስ ጋር «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ያሳተመው። እንግዲህ ዌስሊ ያን ዕለት «ታሪኩ እንደዚያ አይደለም፣ ተቀመጡ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጣላበት ጨዋታ ራሱ ባልኖረ ነበር።

«አጫዋች አያስፈልግም»

ሁለተኛው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ቆመ። «አጫዋች ይሻር! ሁላችንም እኩል እናውራ» አሉ። ንዴታችን ስላልበረደ እኛም ተስማማን። ለሦስት ቅዳሜ ያለ አጫዋች ተጫወትን።

ጉድ በል ሐዋሳ! የመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ከመካከላችን ድምፁ ጎላ ያለው ወዳጃችን ሰይፍ አገኘ። ከዚያ አስማተኛ ፈረስ አገኘ። ከዚያ የሐይቁ ንጉሥ አጎቱ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማንም የማይገድለው፣ ሁሉም የሚሰግድለት ጀግና ሆነ። «ኧረ ይሄ አይሆንም» ስንለው «ማን ነህ አንተ? እኩል አይደለንም እንዴ?» አለ። እኩል ነበርን፤ ግን የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር። ሥልጣኑን ከአንዱ ላይ አንስተን ጠረጴዛው ላይ ጣልነው፤ ፈጠን ያለው ብድግ አደረገው። ሥልጣንን መሻር ማለት ማካፈል ማለት እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው።

ያለ አጫዋች የሚሠሩ ጨዋታዎች የሉም ማለታችን አይደለም። የጄሰን ሞርኒንግስታር «ፊያስኮ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ አጫዋች የለውም፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ሕግ ስላጣ አይደለም። ማን መቼ እንደሚናገር፣ ትዕይንቱን ማን እንደሚከፍትና ማን እንደሚዘጋው በሕግ ስላከፋፈለው ነው። በተቃራኒው ደግሞ በ2010 የወጣው የቤከር ባልና ሚስት «አፖካሊፕስ ወርልድ» አጫዋች አለው፤ አጫዋቹ ራሱ ግን ምን ማድረግ እንደሚችል የተዘረዘረለት ሕግ ተከታይ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «አጫዋች ይኑር ወይስ አይኑር?» የሚል አይደለም። «የማን ሥልጣን የት ላይ ያበቃል?» የሚል ነው።

አገር ስጪኝ

መልሱን ፍለጋ ሚኒሶታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አያቶቻችን ቤት ነበር።

«እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» ይህን የማያውቅ የለም። ጠያቂዋ መልሱን ይዛለች፤ ሥልጣኑ የእሷ ነው። መላሿ ልክ ትሁን አትሁን የምትፈርደው እሷ ናት። ግን የሥልጣኑን አጥር እዩት። አንደኛ፣ «ምን አውቅልሽ» ሳይባል ጨዋታው አይጀመርም። ተረቱም እንዲሁ ነው፤ «ተረት ተረት» ብሎ «የላም በረት» የሚለው ያጣ ተራች አፉን ይዘጋል። ሁለተኛ፣ መላሿ እስኪበቃት ትሞክራለች፤ «አላወቅሁም» የምትለው እሷ ናት፤ ጠያቂዋ «አላወቅሽም» ብላ በእሷ ፈንታ እጅ አትሰጥም። ሦስተኛውና ትልቁ፦ ስትሸነፍ «አገር ስጪኝ» ትባላለች። ጠያቂዋ ትንሽ አገር ከተሰጣት «አልፈልግም» ብላ መከራከር ትችላለች። ሳይሰጧት ግን አትወስድም! ሐዋሳን ትስጥ ጎንደርን፣ ሰጪዋ ተሸናፊዋ ናት። በመጨረሻ የሚነገረው መልስም ከጥያቄው ጋር ካልገጠመ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አጭበርባሪ!» ብሎ ይነሳባታል። ይህን ሁሉ የሰባት ዓመት ልጆች ያውቁታል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነ አጫዋች እንዴት ይጠፋዋል?

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ዓለሙ የአጫዋቹ ነው። ሐይቁ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ዘበኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ የአገረ ገዢውን ልጅ የገደለ ምን እንደሚጠብቀው የሚወስነው እሱ ነው፤ እንቀበላለን። የማይታወቀው የዳይሱ ነው። የገጸ ባሕርይዋ ልብ ግን የተጫዋቿ ነው። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ቢላዋውን ትጣል አትጣል የምትናገረው እሷ ናት። አጫዋቹ «ብትወጊው ዘበኞቹ ይሰማሉ፣ ከዚህ ቤት በሕይወት ላትወጪ ትችያለሽ» ማለት ይችላል። ማለትም አለበት። ከዚያ ግን ዝም ብሎ ይጠብቅ። አስማት ሊያስደርግባት ፈልጎ ከሆነም አስማቱን በስሙ ይጥራው፣ ሕጉ በሚያዘው መሠረት ወረቀት ታውጣ፣ ትከላከል። «ልብሽ ይከዳሻል» ግን አስማት አይደለም፤ ቅሚያ ነው።

የተሰወረው «አይሆንም»

«እኛ አጫዋች እንዲህ አናደርግም» የምትሉ ቶሎ አትደሰቱ። ይሄኛው በግልጽ ስለሆነ ነው የታየው። በስውር የሚደረገው ይብሳል።

ለምሳሌ ቁጥሩን እንቁጠር። በ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» መካከለኛ ክብደት ያለው ሙከራ 15ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ተጨማሪ ነጥብ ከሌለህ ከ20ው ወረቀት የሚያሳልፉህ ስድስት ናቸው፤ 30 በመቶ ማለት ነው። ይሁን፣ ከባድ ነው ግን ይሞከራል። አጫዋቹ ግድግዳውን እንድትወጣ ካልፈለገ «አይቻልም» አይልህም። «አንድ ጊዜ አውጣ» ይልሃል። ወጣልህ። «መሃል ላይ ደርሰሃል፣ እንደገና አውጣ።» ወጣልህ! «ጫፉ ላይ ነህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።» ሦስቱንም በተከታታይ የማለፍ ዕድልህ 2.7 በመቶ ነው። ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። አጫዋቹ «አይሆንም» ብሎሃል፤ ጥፋተኛው ግን ስኒው መስሎሃል።

ሌላው የጅቡ ነገር ነው። «ሁለት መንገድ አለ፤ በሐይቁ ዳር ወይስ በተራራው ሥር?» ይላል። ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። በሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ጅብ! ቆይተን ስንሰማ በተራራው ሥር ብንሄድም ያው ጅብ ይጠብቀን ነበር። ምርጫ ተሰጠን እንጂ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። አንዳንድ አጫዋቾች «ካላወቁት ምን ይጎዳቸዋል?» ይላሉ። የሚጎዳንማ የተከራከርንበት ግማሽ ሰዓት ነው። ደግሞም ይታወቃል፤ በሦስተኛው ጅብ ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ «የት እንሂድ?» ሲባል ሁሉም ስልኩን ይጎረጉራል፣ «ደስ ያላችሁን» ይላል። ከዚያ አጫዋቹ «ተጫዋቾቼ ግድ የላቸውም» እያለ ያማርራል። ማን ግድየለሽ አደረጋቸው?

የእኛም ጥፋት

ፍርዱ አንድ ወገን ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የራሳችንንም እንናገር። አጫዋቻችን ሥራ ውሎ ማታ መብራት ሲጠፋ በስልኩ ብርሃን ካርታ ይሥላል። እኛ በ9 ሰዓት ተቀጣጥረን በ10 እንደርሳለን። እሱ ስለ ሐይቁ ሲተርክ እኛ ቲክቶክ እናያለን። «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» እያልን ከጓደኞቻችን የምንሰርቅ፣ የሌላውን ተራ የምንበላም አለን። የራስን ልብ ማዘዝ ማለት በሌላው ልብ ላይ መረማመድ ማለት አይደለም። ያ ባለ ፈረሱ ወዳጃችን ያፈረሰው ዕቃቃ አጫዋቹ ካፈረሰው አያንስም።

«ለጨዋታ ይህ ሁሉ?» የሚለንም አይጠፋም። እንመልስለት። ቤት ስንገባ «ዝም በሉ፣ ትልቅ ሰው እያወራ ነው» እንባላለን። ክፍል ውስጥ «ተከተሉ» እንባላለን። የምንማረውን ትምህርት ዓይነት ነጥባችን፣ የምንሠራበትን ቦታ ዕጣችን፣ የምንገባበትን ሰዓት ወላጆቻችን ይወስናሉ። ሴት ከሆንን ደግሞ ማንን እንደምንወድ እንኳ የሚነግረን አይጠፋም። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ዓይናችንን እያየ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀን፣ መልሳችንንም ሰምቶ ዓለሙን በዚያ መሠረት የሚያንቀሳቅስልን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ናት። እሷንም ትወስዱብናላችሁ?

እዚሁ አገራችን፣ የሲዳማ ሽማግሌዎች «ሶንጎ» በሚሉት ሸንጎ ላይ አንዲት ቃል አለች፦ «አፊኒ»። «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ናት። ነገሩ ሳይሰማ፣ ሳይጠየቅ፣ ሳይጣራ ወደ ፍርድ አይኬድም። ጁስ ቤቱን ሶንጎ እናድርገው አላልንም፤ ሽማግሌም አይደለንም። ግን ሸምግለው የሚፈርዱ ሰዎች ከመፍረዳቸው በፊት መጠየቅ ካላሳፈራቸው፣ በቡና ስኒና በብጣሽ ወረቀት የሚፈርድ ጓደኛችንን ለምን ያሳፍረዋል?

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ወረቀት ከመውጣቱ በፊት ስንት እንደሚያስፈልግና ብንስት ምን እንደምናጣ ይነገረን። ሁለት መንገድ ከተባለ ሁለት መንገድ ይኑር። የገጸ ባሕርያችን ልብ በእኛ አፍ ብቻ ይነገር። በለውጡ እኛም በሰዓታችን እንመጣለን፣ ስልካችንን ኪሳችን እንከታለን፣ አጫዋቹ በዓለሙ ላይ የፈረደውን ሳናጉረመርም እንቀበላለን። ብንሞትም እንሞታለን። ራሳችን በመረጥነው መንገድ መሞትማ ወግ ነው!

አጫዋቻችን፣ ይህን እንደምታነብ እናውቃለን። ስምህን ያልጠራነው ስለምንወድህ ነው። አገሩ ያንተ ነው፤ ሰጥተንሃል፣ ውሰደው። ለጓደኛችን ግን ደውልላት። እኛም እንደውላለን፤ ዝም ስላልን የእኛም ይቅርታ አለባት። ከመጣች ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥል። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ቢላዋው በእጇ ነው። ስኒውን መሃል አስቀምጥና «ምን ታደርጊያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። ከዚያ ጠብቅ።

ቸር ይግጠመን።